የአጎቴን ቢላዋ የት ልታጠቀው?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ24 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ነው ሰፈሬ። የጎረቤታችን ሥጋ ቤት ውስጥ ስሠራ ስላደግሁ ብልት ማውጣትና ቆዳ መግፈፍ አይቸግረኝም። አሁን ፈቃድ ያለው የአደን ድርጅት በገፋፊ ረዳትነት ቀጥሮኝ ለ21 ቀን ወደ አፋር ቆላ ልወርድ ነው። ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠርቶ ጡረታ የወጣው አጎቴ ከአሮጌ ሞረድ ቢላዋ ሠራልኝ፤ እጀታው ወይራ ነው። ስለቱ ከስንዝር ያልፋል፣ ፀጉር ይላጫል። አፎት ግን የለውም፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ ነው ያመጣልኝ። አንዱ ጓደኛዬ ወገብህ ላይ ፊት ለፊት ሻጠው ይለኛል፤ ሌላው ቡት ጫማህ ውስጥ፤ ሌላው አንገትህ ላይ አንጠልጥለው ይላል። እናቴ ደግሞ ጭራሽ አትያዝ ብላ እንቅልፍ አጥታለች። የካምፑን ሰዎች እንዳልጠይቅ ‹ይሄ ልጅ ቢላዋ መያዝ እንኳ አያውቅም› እንዳይሉኝ ፈራሁ። አቦ ምን ይሻለኛል? ታጣፊ ሰንጢ ብገዛስ?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለቴም ጋዜጣው ጋ ስደርስ ቆምሁ። ሐረር መጥቼ ከመቀመጤ በፊት እኔም ለ11 ዓመት በአደን ካምፕ ቆዳ ስገፍፍ ኖሬያለሁ። እንዳንተው ከሥጋ ቤት ነው የሄድሁት፤ እንዳንተው ስለት ስለማውቅ የቀረኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሥጋ ቤት ውስጥ ቢላዋ አይሄድም። ስትጨርስ ግንዱ ላይ ታሳርፈዋለህ፤ ወጥተህ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ እዚያው ነው። ቆላ ስትወርድ ግን አብሮህ ይሄዳል። አብሮህ ይቀመጣል፣ አብሮህ መኪና ላይ ይወጣል፣ እግርህ ሲያዳልጥህ አብሮህ ይወድቃል። በእነዚያ ዓመታት ካየኋቸው ክፉ ቁስሎች የሚበዙት ሰው ሥጋ ሲቆርጥ የደረሱ አይደሉም፤ ሲሄድ፣ ሲቀመጥ፣ ወይም ቢላዋውን ወደ አፎቱ ሲመልስ ነው የደረሱት። ስለዚህ ከቢላዋው በፊት ስለ አፎቱ እንነጋገር።

አንድ ባልደረባ ነበረኝ፤ በመግፈፍ የሚደርስበት አልነበረም። ቢላዋውን ለስላሳ የቆዳ አፎት ውስጥ ከትቶ፣ ልክ ያ ጓደኛህ እንደሚለው፣ ወገቡ ላይ ፊት ለፊት ሻጥ አድርጎ ነበር የሚሄደው። አንድ ማለዳ የሳላ፣ የዚያን ቀንደ ረጅም የቆላ አውሬ፣ ዱካ ተከትለን ከደረቅ ወንዝ አፋፍ ወደ አሸዋው ዘለልን። ቁመቱ አንድ ሜትር አይሞላም። እግሩ መሬት ሲነካ ጎንበስ አለ፤ የቢላዋው ጫፍ የአፎቱን ታች በስቶ ጭኑ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ራሱም አላወቀውም፤ «እሾህ ወጋኝ» ነው ያለው። ሱሪው ከጉልበቱ በላይ ሲጠቁር ነው የገባን። በጭኑ ውጪ በኩል ስለገባ ተረፈ። ከብሽሽት ወደ ታች፣ በጭን ውስጥ በኩል፣ ትልቁ ደም ቅዳ ይወርዳል፤ እሱ ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈስሶ ያልቃል። እኛ ደግሞ ከቅርቡ ጤና ጣቢያ አራት ሰዓት እንርቅ ነበር።

እንግዲህ ፊት ለፊት አይሆንም፤ ይህን ምክር እርሳው። ቡት ጫማም አይሆንም፤ ቁጢጥ ስትል ይወድቃል፣ ስትሮጥ ቁርጭምጭሚትህን ይፈልጣል፣ ልታወጣው ስትጎነበስም አታየውም። አንገትህ ላይ ካንጠለጠልኸው የቆላው ግራር ገመዱን ይይዝልሃል፤ አንተ ወደፊት ስትሄድ ገመዱ ወደ ኋላ ያንቅሃል። አውሬው ላይ ስታጎነብስም ደረትህ ላይ ይወዛወዛል። የጀርባህ መሐል ላይ የሚታጠቁም አሉ፤ በጀርባ የወደቀ ሰው አከርካሪው የሚያርፈው እጀታው ላይ ነው።

ቦታው ይህ ነው፦ በምትሠራበት እጅህ በኩል፣ ከዳሌህ አጥንት ትንሽ ወደ ኋላ፣ የሱሪህ የኋላ ኪስ የሚጀምርበት ላይ፣ እጀታው ወደ ላይ፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ ወደ ታች። እዚያ ሲሆን ብትወድቅም ከጭንህ ውስጥና ከሆድህ ርቆ ነው የሚያርፈው። ቀበቶህ አፎቱ ላይ ባለው ማለፊያ ውስጥ ይግባ፤ በቅንጣቢ ገመድ የታሰረ አፎት እየተሽከረከረ ወደ ፊት ይመጣል። ከታጠቅኸው በኋላ እዚያው ቤትህ ውስጥ ቁጢጥ በል፣ ተነሥ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጥ፣ አልጋው ላይ በጎንህ ተጋደም። የትኛውም ላይ ከወጋህ ወይም ከገፋህ ቦታውን አስተካክል። የጀርባ ቦርሳ ካዘልህ ደግሞ የቦርሳው የወገብ ማሰሪያ እጀታውን እየገፋ ሊያወጣው ስለሚችል ቦርሳውንም አዝለህ ሞክረው።

አሁን ወደ አፎቱ። ቆዳ ብቻውን የስለትን ጫፍ አይችልም፤ ላብና ደም ሲጠጣማ ይለሰልሳል። ውስጡ ጠንካራ ነገር ይፈልጋል። አጎትህ ወርክሾፕ ያረጀ ሰው ስለሆነ ይህን ከእሱ ጋር አንድ ከሰዓት ብትቀመጡ ትጨርሱታላችሁ። ወፍራም የፒቪሲ የውሃ ቱቦ ቁራጭ ፈልጉ፤ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት። እሳት ላይ አትያዙት፣ ጭሱ ለሳንባ መርዝ ነው። ውሃው ውስጥ ሲለሰልስ በጓንት አውጥታችሁ ቢላዋውን በስስ ጨርቅ አንድ ዙር ጠቅልሉና በቱቦው እጠፉት፤ በሁለት ጣውላ መሐል አስገብታችሁ እስኪቀዘቅዝ ተጫኑት። ሲጠነክር የቢላዋህን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ክፍት የሆነውን ጠርዝ በሪቬት እሰሩት፤ ታች፣ ከጫፉ አለፍ ብሎ አንድ ሪቬት መኖሩን እንዳትረሱ፤ ጫፉ እንዳይወጣ የሚያግደው እሱ ነው። ደምና ውሃ እንዲንጠባጠብ ታች ላይ ከጫፉ ውፍረት ያነሰች ቀዳዳ ትበቃለች።

ከዚያ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሂድና ቆዳ አልብሰው። ቆዳውን ሲሰፋልህ በስለቱ በኩል ሁለቱ ገጾች በሚገናኙበት መሐል ሦስተኛ ጠባብ የቆዳ ቁራጭ እንዲያስገባ ንገረው። ያቺ ቁራጭ ከሌለች ስለቱ በገባና በወጣ ቁጥር ክሩን ይበላዋል፤ አንድ ቀን አፎቱ እንደ ጥቅል ጎመን ይተረተራል። እጀታው ላይ የሚያልፍ ጠፍርና ጠቅ ብሎ የሚዘጋ ቁልፍም ያድርግልህ። ጠፍሩ ስትዘጋው ጥብቅ ይበል።

አንድ ነገር ልብ በል፤ በድሬ ፀሐይ ከመኪና መስታወት ሥር የተቀመጠ ፒቪሲ ሊለሰልስና ቅርጹን ሊለቅ ይችላል። ከቆዳው ጋር ጥላ ውስጥ አኑረው። ማታ ማታ ደግሞ ቢላዋውን አጥበህ አድርቀህ፣ አፎቱንም ገልብጠህ አየር አስነካው፤ የሞረድ ብረት እርጥበት ካገኘ በአንድ ሌሊት ነው የሚዝገው። አፎቱን ግን ከድንኳን ውጪ እንዳታሳድር። ደም የጠጣ ቆዳ ጅብ ያኝከዋል፤ ይህን የሐረር ሰው ሲነግርህ ስማ።

ስለ ቢላዋው ራሱ ሁለት ነገር አለኝ፤ ሁለቱም ወደ አጎትህ ይወስዱሃል። የመጀመሪያው፣ ሞረድ በጣም ጠንካራ ብረት ነው፤ ጠንካራ ስለሆነም ይሰበራል። ስለቱን ካወጣ በኋላ እንደገና በመጠነኛ ሙቀት አለስልሶት እንደሆነ ጠይቀው። የዕድሜውን እኩሌታ ብረት ሲይዝ የኖረ ሰው ነውና ጥያቄው አይከፋውም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ባይለሰልስ አጥንት መሐል አስገብተህ ስትጠመዝዘው እንደ ብርጭቆ ይፈነጠራል። ቢለሰልስም በቢላዋ አትፈልቅቅ።

ሁለተኛው ትንሽ ከባድ ነው። ከስንዝር ያለፈ ስለት ለሥጋ ቤት ግንድ ነው የሚሆነው፤ ለዱር መግፈፍ በጣም ረጅም ነው። የአውሬውን ሆድ ከፍተህ እጅህን ስታስገባ የቢላዋው ጫፍ አንተ የማታይበት ቦታ ይደርሳል፤ ሆድ ዕቃውን ይቀድዳል፣ አለዚያም የሌላኛውን እጅህን ጣት ያገኘዋል። ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ስለት ከከርከሮ እስከ ሳላ ይበቃሃል። አጎትህ እንዲያሳጥርልህ ለምነው። ሲሞርደው ብረቱ እንዳይግል ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ እየነከረ ይሥራ፤ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ጥንካሬው ጠፍቷል ማለት ነው። ቅር ይለዋል ብለህ እንዳትፈራ። «ጋሼ፣ ረጅሙን ቤት አስቀምጬ ከመሄድ ያንተው ሥራ ወገቤ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ» በለው። እምቢ ካለህም ረጅሙን ለእናትህ ማዕድ ቤት ተውና ሌላ አጭር ቢላዋ ይዘህ ውረድ።

ሰንጢ ግዛ፤ ግን ለመጠባበቂያ። ስትከፍተው ጠቅ ብሎ የሚቆለፍ ይሁን። ቁልፍ የሌለው ሰንጢ ስትጫነው ታጥፎ ጣትህ ላይ ይዘጋል። ታጣፊ ሁሉ ደግሞ መገጣጠሚያው ውስጥ ስብና ደም ይገባበታል፤ ቀኑን ሙሉ ለመግፈፍ አይመችም። ገመድ ለመቁረጥ፣ እሾህ ለማውጣት ኪስህ ውስጥ ይኑር። ምላጩ የሚቀየር ቀጭን ቢላዋ ያላቸው እንግዶች ታያለህ፤ በጣም ስለታም ነው፣ ቶሎ ይሰበራል፣ ምላጩ ሲቀየር ብዙ ጣት ይቆረጥበታል። ያዝ ቢሉህ በፒንሳ ቀይር፤ የወጣውን ምላጭ ጠንካራ ቆርቆሮ ውስጥ ክተት እንጂ መሬት ላይ አትጣል።

አንዲት ልማድ አስይዝሃለሁ፤ ከዚህ ሁሉ አንዷን ብቻ ብትወስድ እሷን ውሰድ። ቢላዋ ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያለው፦ እጅህ ላይ እየሠራ፣ አለዚያ አፎቱ ውስጥ። ሣሩ ላይ የለም። የአውሬው ጎን ላይ የለም። ጥርስህ መሐል የለም። እኔ ይህን የተማርሁት ከግራ መዳፌ ነው። አመሻሹ ላይ አምባራይሌ የሚባለውን ቀንደ ጠምዛዛ አውሬ እየገፈፍን ቆዳውን ለመገልበጥ ሁለት እጄን ፈለግሁና ቢላዋዬን ለአንድ አፍታ ሣሩ ላይ አሳረፍሁት። ቆዳውን ገልብጬ ጎንበስ ብዬ በዳበሳ ፈለግሁት። ያገኘሁት በስለቱ በኩል ነው። ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ መዳፌ መሐል ተከፈለ፤ እስከ ዛሬ እስክሪብቶ ስይዝ ያች ጠባሳ ትሳባለች። እጀታህ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ፕላስተር ጠቅልልበት። ወይራ ከደረቅ ሣር ጋር አንድ ቀለም ነው፤ ወድቆ ቢቀር እንኳ ታየዋለህ።

ወደ አፎቱ ስትመልሰው አትቸኩል። መጀመሪያ ጥረገው፤ ከደንደሱ ወደ ስለቱ ነው የሚጠረገው፣ ጨርቁ ስለቱን ፊት ለፊት አይግጠመው። ከዚያ ቆም በልና አፎቱን በዓይንህ እየው። ከሰው ጋር እያወራህ፣ ዓይንህን ዱካ ላይ ተክለህ አታስገባ። ግራ እጅህ አፎቱን መያዝ ካለበት በደንደሱ በኩል ይያዝ፤ አፉ ላይ ጣት አይኑር። ስታወጣውም በአውራ ጣትህ እጀታውን ገፋ አድርገህ እንጂ አፎቱን በሙሉ መዳፍህ ጨብጠህ አትጎትት፤ ስፌቱ ከለቀቀ ስለቱ ጣቶችህ ላይ ነው የሚወጣው። ከአንድ እርምጃ በላይ የምትሄድ ከሆነ ይግባ። እጅህ ላይ እያለ ከተደናቀፍህ ግን አትያዘው፤ ሰው ወደሌለበት ወርውረው። ቢላዋ ሲወድቅም ለመቅለብ እጅህን አትዘርጋ፤ እግርህን አሽሽ።

ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ነው አንድ አውሬ ላይ የሚሠራው። ሆዱ ውስጥ የአንድ ሰው እጅ ብቻ ይግባ። አንተ ስትገባ ሌላው እግሩን ይዞ ይጠብቅ፤ እሱ ሲገባ አንተ ቢላዋህን ወደ አፎቱ መልሰህ እግሩን ያዝለት። ቢላዋ ከእጅ ወደ እጅ ከማቀበል ያንተን ወደ አፎቱ መልሰህ ሌላው የራሱን እንዲያወጣ መተው ይሻላል፤ ግድ ከሆነ እጀታውን አስቀድመህ ስጥና «ያዝሁ» እስኪልህ አትልቀቅ። ስለቱንም ቶሎ ቶሎ ሳለው። የደነዘ ቢላዋ ጉልበት ይጠይቃል፤ በጉልበት የተገፋ ቢላዋ ሲያመልጥ የሚቆምበትን አታውቅም።

ካምፕ ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም ይኖራል። ከርከሮ ከተገደለ ለእሱ የተለየ ቢላዋ ይዘህ የተለየ ቀለም ያለው ፕላስተር አድርግበት፤ በዚያ ስለት ከሌላ አውሬ ሥጋ ብትቆርጥ ማንም አፉ ላይ አያደርገውም፣ መጣላትም ይመጣል። አውሬው ከመሞቱ በፊት በሥርዓቱ መታረድ አለበት የሚል ሙስሊም ባልደረባ ካለህም ከመውረድህ በፊት ተነጋገሩ፤ የቆሰለ አውሬ አጠገብ ቆሞ በቢላዋ መጣደፍ ራሱ አደጋ ነው።

መኪና ላይ ስትወጣ ከወገብህ ፍታውና ከነአፎቱ ቦርሳህ ውስጥ ክተተው። በዚያ ኮረኮንች መንገድ ቁጭ ብለህ እጀታው ጎድንህን ሲደልቅ ይውላል፤ መኪናው ቢገለበጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከድሬ እስክትወጣም፣ ኬላ ላይም፣ ካምፕ እስክትደርስም እዚያው ቦርሳው ውስጥ ይቆይ። ከተማ መሐል ቢላዋ ታጥቆ የሚዞር ሰው ፖሊስንም ሰውንም ያሳስባል።

ድርጅቱ ፈቃድ እንዳለው ጽፈሃል፤ ደግ። የዱር እንስሳት ሕግ የሚጠይቀው ነውና ወረቀቱን አሳዩኝ ብትል አያስነውርህም። ተመልሰህ «ባቢሌ ወርደን አንዲት ድኩላ እንምታ» የሚልህ ሰው ካጋጠመህ ግን ቢላዋህን እንኳ አታውሰው። እዚያ የዝሆኖች መጠለያ ነው።

ስለ ቁስል እንነጋገር፤ አትሳቀቅ። ለመነሣት ሳምንት ሲቀርህ ጤና ጣቢያ ሂድና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተከተብ፤ ከተከተብህ 10 ዓመት ካለፈህ ይታደስልሃል። ቦርሳህ ውስጥ ወፍራም ጎዝ፣ ፋሻ፣ ጓንትና አንድ ቱርኒኬት፣ ማለትም እጅ ወይም እግር ላይ ጠብቆ ደም የሚያቆም ማሰሪያ፣ ይኑርህ። ሰው ከተቆረጠ መጀመሪያ ጎዙን ቁስሉ ላይ አድርገህ በሙሉ ክብደትህ ተጫን፤ በየደቂቃው እየገለጥህ አትይ። እየተንፎለፎለ አልቆም ካለና እጅ ወይም እግር ከሆነ ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ቱርኒኬቱን እሰር፤ ደሙ እስኪቆም አጥብቅ። ያመዋል፣ ይጮህብሃል፤ አታላላለት። ያሰርህበትን ሰዓት ጻፍና ወደ ሐኪም ውሰደው። ቱርኒኬት ከሌለ ሰፊ ጨርቅና ዱላ አዙረህ ተጠቀም፤ ቀበቶ በቂ አይጠብቅም። ቢላዋው ገብቶ ከቀረ አታውጣው፤ እንዳይንቀሳቀስ አድርገህ ዙሪያውን ደግፈው።

ትንሽ ጭረትም አትናቅ። የገፈፈ እጅ ላይ ያለ ቁስል ለበሽታ በር ነው፤ ጓንት አድርግ፣ ስትጨርስ በሳሙና ታጠብ። ሞቶ የተገኘ አውሬ ግን ማንም ቢያዝህ በቢላዋ አትንካው። አባ ሰንጋ የሚገባው በእንዲህ ያለ ጭረት ነው። ከሰነበትህ በኋላ ቁስልህ ሳያምህ መሐሉ ከጠቆረ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ በጊዜ ከተያዘ ይድናል።

የካምፑን ሰዎች መጠየቅ ፈራሁ ላልኸኝ፦ ዋናውን ገፋፊ በመጀመሪያው ቀን ማታ፣ እሳት ዳር፣ ቢላዋህን ከነአፎቱ አውጥተህ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን እዩልኝ» በለው። እኔ ረዳት ሲላክልኝ የምፈራው የሚጠይቀውን ልጅ አልነበረም። ቢላዋ እያሽከረከረ ከመኪና የሚወርደውን ነበር።

የቀረችው እናትህ ናት። «ካምፕ ውስጥ ይሰጡኛል» ብለህ ዋሽተህ እንዳትሄድ፤ ከሻንጣህ ታገኘዋለች። አፎቱ ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ቁጭ አድርጋት። ቢላዋውን ክተት፣ ጠፍሩን ዝጋ፣ ከእግርህ ራቅ አድርገህ ገልብጠህ አራግፈው፤ ደግመህ አራግፈው። ጠፍሩን ፍታና አሁንም አራግፈው፤ በራሱ ጥብቀት መቆየት አለበት። ከወደቀ ወደ ጫማ ሰፊው ተመለስ። ካልወደቀ አፎቱን ለእሷ ስጣትና ራሷ ታራግፈው።